የጋሽ ሸረፋ ግማሽ ክኒን

ጋሽ ሸረፋን የቀበርናቸው ባለፈው ጥቅምት ነው። «ቀበርናቸው» እላለሁ እንጂ እኔ መቃብር አልሄድኩም። ሴት ነኝ፣ ክርስቲያንም ነኝ፤ ስለዚህ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ሥር ቆሜ ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ሲያልፍ አየሁ። አጭር ሰው ስለነበሩ ቃሬዛው ረዘመባቸው። በዚያ ሰዓት ይህን በማሰቤ አፈርኩ፤ ግን ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የእሳቸው ወሬ ሲነሳ «ደግ ሰው ነበሩ» ብሎ ይዘጋዋል። ደግስ ነበሩ። ነገር ግን ደግነታቸው አንድ ሰው ሊገድል ምን ያህል እንደቀረው ስለማውቅ እኔ እንደዚያ ብዬ መዝጋት አልችልም።

ጋሽ ሸረፋ ፍራሽ አዳሽ ነበሩ። ኮልፌ ገበያ ዳር፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ቀጥሎ፣ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለች ሱቅ ነበረቻቸው። የእኛ ቤት ከሱቋ ጀርባ ነው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሰው የጎደጎደ ፍራሹን ተሸክሞ ያመጣል፤ እሳቸው ይተረትሩታል፣ የተጋገረውን ጥጥ አውጥተው በዱላ ይደበድቡታል፣ በእጃቸው ያፍታቱታል፣ መልሰው ሞልተው በረጅም መርፌ ይሰፉታል። ጥጡን በሁለት ጣት ቆንጥረው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው የማሸት ልማድ ነበራቸው። «እርጥብ ከሆነ ዝም ይላል» ይሉኝ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ ያሉ ነበሩ። የሁለት ደንበኛ ጥጥ አንድ ላይ ወለል ላይ አያወርዱም። የአንዱን ጨርሰው፣ ሲሚንቶው እስኪታይ ጠርገው ነው የሌላውን የሚተረትሩት። አንድ ቀን የቸኮለ ደንበኛ «ጋሽ ሸረፋ፣ ጥጥ እኮ ጥጥ ነው፤ ትንሽ ቢቀላቀል ምን አለበት?» ቢላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ልጅም እኮ ልጅ ነው። ያንተን ለጎረቤትህ ልስጠው?» አሉት። ሰውዬው ቁጭ ብሎ ተራውን ጠበቀ።

ሰው ፍራሹ ውስጥ የማይደብቀው ነገር የለም። ክታብ ያገኛሉ፣ ደብዳቤ ያገኛሉ፣ ፎቶግራፍ ያገኛሉ። ያገኙትን በጋዜጣ ጠቅልለው ለባለቤቱ ብቻ ይሰጡታል፤ ወሬው ከዚያች ሱቅ ወጥቶ አያውቅም። ከእኔም ፍራሽ ውስጥ አንድ ነገር አግኝተዋል። ምን እንደሆነ አልናገርም። እናቴ አጠገቤ ቆማ እያለች «ይቺ ወድቃብሽ ነበር» ብለው ሲሰጡኝ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሳቸው ወገን ሆንኩ።

ሲጋራ ያጨሱ ነበር፣ በጣም። ጥጡ እሳት እንዳይነካው ደረጃው ላይ ወጥተው፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን እየለኮሱ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳይሳካልኝ ሲቀር፣ ከተማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የደረት ክፍል አስተርጓሚና ካርድ ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ። ጋሽ ሸረፋ «ችኩሊት» ነበር የሚሉኝ፤ ቁጭ ብዬ መዋል ስለማልችል። ሲያስሉ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። መጀመሪያ የጥጥ ብናኝ ነው አልን። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሱቃቸው ጎራ ብል፣ አንድ ጭብጥ ጥጥ ከእጃቸው ወደ ኪሳቸው ሲከቱ አየሁ። ጥጡ ላይ ደም ነበር።

«ነገ ከእኔ ጋር ሆስፒታል ይሄዳሉ» አልኳቸው።

ነገ ሁለት ፍራሽ አለብኝ አሉ። በሰው ፍራሽ ላይ ደም ከሚተፉበት ሥራው ይቅርብዎት አልኳቸው። አነጋገሬ መጥፎ ነበር፤ ግን ሄዱ።

መጀመሪያ የተፈራው ቲቢ ነበር፤ አይደለም ተባለ። ራጅ ተነሱ፣ በጉሮሯቸው ቱቦ ገብቶ ቁራጭ ተወሰደ። የሳንባ ካንሰር ነው። ተስፋፍቷል፣ በቀዶ ሕክምና አይወጣም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለዘመድ ይነገራል እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። ባለቤታቸው እትዬ ረዲያም እጄን ይዛ እንዳትነግሪው ብላ ለምናኝ ነበር። የደረት ክፍሉ ኃላፊ ፈረንጅ ዶክተር ግን እምቢ አለ። አንድ ነገር ልጠይቃቸው ስለሆነ ምን እንደያዛቸው ሳያውቁ ልጠይቃቸው አልችልም አለ። ስለዚህ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «ረዲያ ታውቃለች?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ለካ ሰሞኑን ሥጋውን ሁሉ ለኔ የምታወጣው ለዚህ ነው» አሉ።

ዶክተሩ ሊጠይቅ የፈለገው ይህን ነበር። በአንዲት ጠባብ ክፍል አንድ ዓይነት በሽታ የያዛቸውን አምስት ሰዎች ሰብስቦ፣ እኔ እያስተረጎምኩ፣ ቀስ ብሎ ነገራቸው። በሌላ አገር እየተሞከረ ያለ ክኒን አለ። አንዳንዱን ሰው ዕብጠቱን ቀንሶለታል፣ አንዳንዱን ደግሞ ደሙን አድክሞ ጎድቶታል። ሕመሙን እያስታገሱ፣ ሳሉንና ሳንባ ላይ የሚቋጥረውን ውሃ እያከሙ ብቻ ከመቆየት ክኒኑን መጨመር ይሻል እንደሆነ አይታወቅም። ለማወቅ ግማሹ ሰው ክኒንና እንክብካቤ ያገኛል፣ ግማሹ እንክብካቤውን ብቻ። ማን ምን እንደሚያገኝ የሚወስነው ታሽጎ የመጣ ፖስታ ነው። እምቢ ያለ ሰው ሕክምናው አይቀርበትም፤ እሺ ብሎም መሐል ላይ መተው ይችላል።

አንዱ ተነስቶ ኮፍያውን አደረገ። «ሐኪሙ አላውቅም ካለ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?» ብሎ ወጣ። ሌላው «ልትሞክሩብን ነው፣ በይ ንገሪው» አለኝ፤ ነገርኩት፤ ዶክተሩም አዎ፣ መሞከር ነው፣ ስሙ ይኸው ነው አለ። እኔ ለዶክተሩ አፈርኩለት። ትንሽ እንኳ ቢዋሽ ምን ነበረበት ብዬ ነበር።

ጋሽ ሸረፋ ግን ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። ለምን በዕጣ? ራሱ ዶክተሩ አይቶ ለምን አይመርጥም? አሉ። ዶክተሩም፣ እኔ ከመረጥኩ ሳላውቀው ጠንካራ ጠንካራውን መርጬ ክኒኑን እሰጣለሁ፤ ጠንካራ ስለሆኑ ደህና ይቆያሉ፤ እኔም ክኒኑ ነው ያቆያቸው ብዬ ሌላውን ሰው አሳስታለሁ አለ። ስተረጉምላቸው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ሳሉ እስኪበርድ ጠበቅናቸው።

«ይኼ ሰውዬ ራሱንም አያምንም» አሉ። «ጥሩ ነው። ከዓመት ዓመት ሐኪም ሳይ አላውቅም ብሎ የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ጣቴን ቀለም ቅቢኝ፣ ያነበብሽልን ወረቀት ላይ ልፈርም።»

ከአምስቱ ሁለት ሰው ቀረ። ሁለተኛው አምሳ አለቃ ተሰማ ነበሩ፤ ከቀራኒዮ በላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ወታደር፣ ረጅም፣ ጢማቸውን የሚያሳምሩ። ፖስታው ሲከፈት ክኒኑ ለጋሽ ሸረፋ ወጣ። ለአምሳ አለቃ እንክብካቤው ብቻ። አምሳ አለቃ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው ዕጣ በጦር ሜዳም ወጥቶልኝ አያውቅም አሉና ሁላችንንም አሳቁን። ጋሽ ሸረፋ ብቻ አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ሦስታችን ከአንድ ፌርማታ አውቶቡስ እንሳፈር ነበር። ጋሽ ሸረፋ የሳምንቱን ክኒን ይቀበላሉ፣ ሁለቱም ደም ይሰጣሉ፣ እኔ ካርዱን እሞላለሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ወር ውስጥ እንደ አብሮ አደግ ሆኑ። ቀኑን ሙሉ ይጣላሉ። አምሳ አለቃ «አንተ ሸረፋ፣ እኔ ያንተን ሥጋ አልበላ፣ አንተ የኔን አትበላ፣ ይኼ ምን ጓደኝነት ይባላል?» ይላሉ። ጋሽ ሸረፋ ዳቦ ከሆነ ቆርሰው፣ ቆሎ ከሆነ ከኪሳቸው ዘግነው ይሰጧቸዋል። እኒህ ሰው ብቻቸውን አፋቸው ውስጥ ምንም ነገር ማስገባት አይችሉም ነበር። ሱቃቸው ውስጥም ምሳ ሲመጣላቸው አላፊ አግዳሚ ይጠሩ ነበር፤ የሚጠሩት ካጡ ሳህኑን ከድነው ይቀመጣሉ፤ እትዬ ረዲያ ወጡ ቀዘቀዘ እያለች ትቆጣለች።

አውቶቡስ ውስጥ አንድ የክብሪት ሳጥን ከጋሽ ሸረፋ እጅ ወደ አምሳ አለቃ እጅ ሲያልፍ ሁለት ሦስቴ አይቻለሁ። ሲጋራ መሰለኝ። ሳንባቸው እንዲህ ሆኖ አሁንም ያጨሳሉ ብዬ ሰው በተሞላ አውቶቡስ ውስጥ ተቆጣኋቸው። ሁለቱ ተያዩና እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። «አናጨስም፣ ችኩሊት» አሉ ጋሽ ሸረፋ። ዋሹኝ ብዬ እስከ ሆስፒታል ድረስ አላናገርኳቸውም።

በሦስተኛው ወር አንድ ሐሙስ አምሳ አለቃ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ አፋቸው ውስጥ ሁሉ ቆስሏል፣ ትራስ ላይ ፀጉራቸው ይቀራል። አልጋ ያዙ። ዶክተሩ የደሙን ውጤት ይዞ ካርድ ክፍል ድረስ መጣ፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበረው። ከኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል አልቋል፤ እንዲህ የሚያደርገው ያ ክኒን ነው፤ ይህ ሰው ግን ክኒኑን የማያገኝ ነው፤ ካርዱ ተሳስቶ እንደሆነ እዪልኝ አለኝ። አልተሳሳተም። ምክንያቱን ካላወቅን ምን እንደምንሠራ አናውቅም አለ። ሲወጣ ደግሞ ዞር ብሎ፣ የጋሽ ሸረፋ ደም በተቃራኒው ምንም አልተነካም፣ መጠኑ አንሷቸው ይሆናል፣ ሰኞ እጥፍ አደርግላቸዋለሁ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት አምሳ አለቃ ጋ ገባሁ። ዓይናቸው ተከድኗል። ትራሳቸውን ላስተካክል ብል ያቺ የክብሪት ሳጥን ከሥሩ ወደቀች። ቁራጭ ሲጋራ ነው ብዬ ልጥላት ከፈትኳት። ውስጧ ጥጥ ተነጥፎ፣ በላዩ ላይ በምላጭ እኩል የተከፈሉ ነጫጭ ግማሽ ክኒኖች ተደርድረው ነበር።

የዶክተሩ ቢሮ ከዚያ ሃያ እርምጃ ነው። ወዲያው ገብቼ መናገር ነበረብኝ። አልገባሁም። ከተናገርኩ ጋሽ ሸረፋን ከጥናቱ ያስወጧቸዋል፣ ክኒኑም ይቀርባቸዋል። ነርሷን ይህ ሰው ከእናንተ እጅ በቀር ከማንም ምንም እንዳይውጥ ብዬ፣ ሳጥኗን ኪሴ ከትቼ፣ ሰይቼንቶ ታክሲ ይዤ ኮልፌ በረርኩ። ትክክል ነበር አልልም። ያን ሰዓት ከበሽተኛው ላይ ነው የወሰድኩት።

ጋሽ ሸረፋ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። ሳጥኗን ፍራሹ ላይ አስቀመጥኳት። አይተው መርፌውን ቀጠሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ፖስታው ከተከፈተ ጀምሮ።»

«ለምን?»

ቀና አሉ። ጥያቄዬ እውነት አልገባቸውም። «አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ በሽታ ይዞን፣ እኔ እየዋጥኩ እሱ ይየኝ? ሥጋችን ይለያያል እንጂ መድኃኒት ምን ሃይማኖት አለው? ደግሞ ወረቀቱ ላይ አትስጥ የሚል አላነበብሽልኝም።»

እውነታቸውን ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል አልነበረም። ያዘጋጁት ሰዎች ሕይወቱ የቆመበትን ክኒን ለሌላ የሚያካፍል በሽተኛ ይመጣል ብለው አላሰቡም። እኔም እዚሁ ኮልፌ ተወልጄ አላሰብኩም።

የአምሳ አለቃን ደም ነገርኳቸው። ክኒኑ መሆኑን ነገርኳቸው። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ስላላወቁ በጨለማ እየዳበሱ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ሰኞ የእሳቸው መጠን እጥፍ ሊሆን መሆኑን፣ ግማሹ የማን ሆድ እንደሚገባ ራሳቸው እንደሚያውቁ ነገርኳቸው። አላለሳለስኩትም። መርፌውን የያዘው እጃቸው ቆመ።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት?»

«አዎ።»

«ብናገር ክኒኑን ይነሱኛል።»

«ይመስለኛል።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ደረጃውን ሳያርፉ እንደሚወጡ፣ ደሙም እንደቀነሰ፣ ሁለት ልጆቻቸው ገና ትምህርት እንዳልጨረሱ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። የሚያባብሉኝ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው ራሳቸውን ነበር የሚያባብሉት። ቀጠሉና፣ «በዚህም በዚያም ግማሽ ግማሽ ያገኘን ሰዎች ነን፤ ለሐኪሙ ምን ያጎድልበታል?» አሉኝ።

«ጋሽ ሸረፋ፣ እርስዎ ሳያዩ የሁለት ደንበኛ ጥጥ ብቀላቅል ምን ያደርጉኛል? እሱ ክኒን የወሰደውንና ያልወሰደውን ለይቶ ሊያይ ነው የለፋው። አሁን የትኛው የትኛው ነው?»

ወለሉን አዩ። ወለሉ ንጹህ ነበር። ከዚያ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ተነሱ። ጫማቸውን አደረጉ። እትዬ ረዲያ ከጓሮ ወጥታ ወዴት ነው አለች። «አንድ ጥፋት ላስተካክል» አሏት። እሷ ታክሲው ድረስ ተከትላን ምን ጥፋት፣ የማን ጥፋት እያለች ጠየቀችኝ፤ በሩን ዘጋሁት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሰዓቱ ከስድስት አልፏል። ዶክተሩ ፊት አልተቀመጡም። ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በራሳቸው አፍ ነገሩት፤ እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ዶክተሩ አልተቆጣም። ስንት ቀን፣ በቀን ስንት፣ መጨረሻ መቼ ብሎ ጠየቀና እየሮጠ ወጣ። ጋሽ ሸረፋ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆመው ቀሩ። «ተቀመጡ» ብላቸው እምቢ አሉ።

አምሳ አለቃ አምስት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ተንጠለጠሉ። ለብቻ ክፍል ተዛወሩ፣ ጠንከር ያለ መርፌ ተጀመረላቸው፣ ደም ተሰጣቸው። ጋሽ ሸረፋ በየቀኑ እየመጡ ከበሩ ውጭ ይቆማሉ፤ መግባት ክልክል ነው። በመስኮቱ መስታወት ብቻ ነው የሚያዩዋቸው። ሱቋ ተዘጋች። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፣ አምሳ አለቃም ዓይናቸውን ገልጠው መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ፊት አይተው፣ «ያንን ፍራሽ አዳሽ አባሩልኝ» አሉ። ነርሷ ስትነግረን ጋሽ ሸረፋ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ወለል ላይ ተቀመጡ።

የእሳቸው ጉዳይ ግን አላለቀም። ዶክተሩ ጥናቱን ለሚመሩት ሰዎች ውጭ አገር ጽፎ ነበር፤ መልስ እስኪመጣ ክኒን የለም። ብዙ ሳምንት ነበር። ሳሉ በግድግዳው በኩል እንደገና ይሰማኝ ጀመር፤ ጥጥ የመደብደቡ ድምፅ እያጠረ፣ የሳሉ እየረዘመ። ወደ ሱቃቸው ስገባ ስለ ክኒኑ አይጠይቁኝም፤ ያ ነው የባሰብኝ። የጠየቁት ለተሰማ የራሱ ክኒን ይሰጠው እንደሆነ ነው። ዶክተሩን ጠየቅኩት፤ እንደማይቻል፣ ክኒኑ ለአምሳ አለቃ መድኃኒት ይሁን መርዝ እስካሁንም እንደማይታወቅ፣ አንዴ ሊገድላቸው እንደነበር መለሰልኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

መልሱ መጣ። መቀጠል ከፈለጉ ይቀጥላሉ፤ በየቀኑ ግን በጤና ሠራተኛ ፊት ነው የሚውጡት። ያደረጉትም ተጽፎ ካርዳቸው ላይ ይቆያል፤ ጥፋቱ ተሰርዞ ጥሩ ጥሩው ብቻ ቢቆጠር ውሸት ስለሚሆን። ጋሽ ሸረፋ ይህን ሲሰሙ «ይጻፍ» አሉ። «የተሰማም ስቃይ ይጻፍ። ከኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ይወቀው።» ክኒኑ ጠቅሟቸው ይሁን አይሁን እኔ እስካሁን አላውቅም። ጥናቱ ገና ነው።

መጀመሪያ የዋጡበት ቀን ኮልፌ ጤና ጣቢያ ነበር፣ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። ክኒኑንና መዝገቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሸረፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ተከፈተና አምሳ አለቃ ተሰማ ገቡ፤ ማንም አልጠራቸውም። ከቀራኒዮ በእግራቸው ነው የመጡት። ኮታቸው ተንጠልጥሎባቸዋል፣ ጢማቸው ሳስቷል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ከጎናቸው ተቀመጡ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ክኒኑን ጋሽ ሸረፋ መዳፍ ላይ ጣለላቸው። አዩት። አልዋጡትም። ድሬሰሩ ሌላ በሽተኛ አለብኝ አለ። አሁንም አልዋጡትም።

«ውጭ ውጣልኝ፣ ተሰማ» አሉ።

«አልወጣም።»

«እባክህ።»

«ስትውጥ ካላየሁ አላምንህም። ሌባ ነህ፤ ግማሽ ግማሽ የምትሰርቅ።»

ድሬሰሩ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የጋሽ ሸረፋ አውራ ጣት ክኒኑን እኩል የሚከፈልበት መሐል ላይ ይዳብስ ነበር። አምሳ አለቃ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ከድሬሰሩ እጅ የውሃውን ኩባያ ወሰዱ። «እኔ ልያዝለት» አሉት።

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉ ጋሽ ሸረፋ።

«ዋጥ።»

ዋጡት። አምሳ አለቃ ኩባያውን ወደ ከንፈራቸው አዘነበሉላቸው፤ ግማሹ ውሃ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ድሬሰሩ አፍዎን ይክፈቱ አላቸው፤ ደንቡ ነው። ከፈቱ። አምሳ አለቃም ጎንበስ ብለው አብረው አዩ፣ በምላሱም ሥር፣ በጉንጩም ጥግ፣ ድሬሰሩ ካየው በላይ ቆይተው።

«የለም» አሉ። «ውጦታል፣ ሙሉውን።»

ጋሽ ሸረፋ አፋቸውን ዘግተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። አምሳ አለቃ የቀረውን ውሃ መሬት ላይ ደፍተው ኩባያውን ለድሬሰሩ መለሱ።

«ነገም እመጣለሁ» አሉት።